ራኬቱን ወጥሬ ሳወርደው ጎኑ ተነፍቶ ቁመቱ አጠረ፤ የት ጋ ነው የሳትኩት?

አባዶ ፎቅ 4
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ከሁለት ወር በፊት ያገለገለ የቴኒስ ራኬት ክር መወጠሪያ ማሽን ገዛሁ። ኤሌክትሪክ የለውም። ዘንግ ላይ ያለ ብረት ወደ ታች ሲወርድ ክሩን የሚጎትት ዓይነት ነው። ራኬቱን የሚይዘው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ አናቱ ላይና አንገቱ ላይ። መቆንጠጫዎቹም ማሽኑ ላይ የተተከሉ አይደሉም። አንዱን ክር ከጎረቤቱ ክር ጋር ነክሰው የሚይዙት፣ ተንሳፋፊ የሚባሉት ናቸው።

ለምን ገዛሁት? የሰፈራችን ልጆች ሜዳ ቴኒስ ጀምረዋል። ክር በተበጠሰ ቁጥር ራኬት ይዞ መሀል ከተማ መውረድ ግማሽ ቀን ይበላል። ሁለት ታክሲ መሄጃ፣ ሁለት ታክሲ መመለሻ። ደርሰህ ደግሞ "ነገ ና" ትባላለህ። አምና አንድ ቦታ የሰጠሁት ራኬት አናቱ ላይ ተሰንጥቆ ተመለሰልኝ። "ድሮም እንዲህ ነበር" አሉኝ። እኔ ግን ደህና ራኬት ነበር የሰጠኋቸው። የዚያን ቀን ነው ራሴ ልማረው ያልኩት።

እስካሁን 4 ራኬት ወጥሬያለሁ፤ ችግር አላየሁም። 5ኛው ግን አስደነገጠኝ። የጎረቤቴ ልጅ ራኬት ነው። ዕድሜዋ 13 ነው። ራኬቱ ባለ 100 ካሬ ኢንች ሲሆን 16 የቁም፣ 19 የአግድም ክር ይይዛል። ፍሬሙ ላይ ከ50 እስከ 60 ፓውንድ ይላል። ክሩ ናይለን ነው። የቁሙን 24 ኪሎ፣ የአግድሙን 22 ኪሎ አድርጌ ወጠርኩት። አግድሙን የጀመርኩት ከአናት ነው። አግድሙ ቀነስ ይበል የሚል ምክር አንብቤ ነበር።

ከመጀመሬ በፊት በሜትር ለክቼው ነበር። ከውጭ ወደ ውጭ ቁመቱ 34.8፣ ወርዱ 27 ሴንቲ ሜትር። ጨርሼ ሳወርደው ቁመቱ 34.2፣ ወርዱ 27.4 ሆነ። በዓይን እንኳ ይታያል።

ለልጅቷ አልሰጠኋትም። ቅዳሜ ጠዋት ልምምድ አላት። ልፍታው ወይስ እንዳለ ልተወው? የት ጋ ነው የሳትኩት?

——

ሲኤምሲ ሰርቭ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:42

ወንድሜ፣ ችግሩ ማሽኑ ነው። በሁለት ቦታ ብቻ የተያዘ ፍሬም እንዴት ቅርጹን ይጠብቃል? ስድስት ቦታ የሚይዝ፣ ክሩን በኤሌክትሪክ የሚጎትት ማሽን ነው የሚያስፈልግህ። እሱ አንዴ ልኩን ከሞላህለት እስክታቆመው ድረስ ያንኑ ልክ ይዞ ይጎትታል። ያንተን ሽጠው። በልጅ ራኬት አትማርበት።

——

ሞርሳ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:05

ቃሊቲ የብረታ ብረት ሥራ ላይ ነኝ። ቴኒስ አልጫወትም፤ ልጄ ነው የሚጫወተው። እንዲህ ዓይነት ሁለት ማሽን ጠግኛለሁ።

ሲኤምሲ፣ ባለ ዘንጉን ማሽን አትናቀው። የሚሠራው በሚዛን ሕግ ነው። የብረቱ ክብደት በዘንጉ ርዝመት ይባዛል፣ ክሩ ለሚጠመጠምበት ጎማ ግማሽ ስፋት ይካፈላል። ያ ነው ክሩ ላይ የሚያርፈው ኃይል። የመሬት ስበት ደግሞ አይደክምም፤ መብራትም አይጠፋበትም። ክሩ ሲለጠጥ ዘንጉ ይወርዳል፣ ጎታችነቱ ግን ይቀጥላል። አንተ የወደድከው የኤሌክትሪኩ ማሽን ያንኑ ሥራ ነው በሞተር የሚሠራው። በእጅ እየተጠመዘዘ ልኩ ሲሞላ ቀጭ ብሎ የሚቆመው ማሽን ነው ከሁለቱም የሚለየው። እሱ ቆልፎ ይቆማል፤ ክሩ ግን ከዚያ በኋላም ይለጠጣል።

አንድ ነገር ግን አለ። ዘንጉ አግድም መቆም አለበት። አባዶ፣ ክሩን ስትጎትት ዘንጉ የት ጋ ነው የሚቆመው? 10 ዲግሪ ቢያጋድል የሚጎድልብህ 1.5 በመቶ ያህል ነው፤ አያሳስብም። 20 ዲግሪ ካጋደለ ግን 6 በመቶ ይጎድላል። ከ24 ኪሎ ላይ ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ሄደ ማለት ነው።

——

አባዶ ፎቅ 4
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:20

አመሰግናለሁ ሞርሳ። የቁሙን ስወጥር በጥንቃቄ ነበር። አግድሙ ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ። በስልክ መብራት ነው የጨረስኩት። ዘንጉ ትክክል ይቁም አይቁም በደንብ አላየሁም። ከአግድም በታች የወረደባቸው ክሮች እንደነበሩ አስታውሳለሁ።

ሲኤምሲ፣ ሐሳብህን አከብራለሁ። እኛ ጋ ግን ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ማታ መብራት ጠፍቷል። ሥራ ውዬ የምገባው ማታ ነው፤ የምወጥረውም ማታ ነው። የኤሌክትሪክ ማሽን ቢኖረኝ ግማሽ ላይ ቁጭ ባልኩ ነበር።

——

የድሮ ኳስ አቀባይ
ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:30

ልጄ አባዶ፣ ለክተህ መጀመርህ በጣም ጥሩ ነው። ብዙ ሰው አይለካም። አለመለካቱ ነው ራኬቱ ከተሰነጠቀ በኋላ "ድሮም እንዲህ ነበር" የሚያሰኘው።

እኔ በልጅነቴ ኳስ አቀባይ ሆኜ ነው ወደዚህ የገባሁት። ጊዜው የእንጨት ራኬት ጊዜ ነበር። ማሽን አልነበረንም። ክሩን እንጨት ላይ ጠምጥመን በክንዳችን እንስባለን፣ ቀዳዳው ላይ ወስፌ ሰክተን እንይዛለን፣ ወደሚቀጥለው እናልፋለን። ልኩን የሚያውቀው ክንድህ ብቻ ነው። አሁን እዚህ ለገጣፎ ቤቴ በረንዳ ላይ እንደ አንተው ባለ ዘንግ ማሽን አለኝ። ስለዚህ ማሽኑን ከመኮነናችን በፊት ራኬቱ እንዴት እንደታሰረ እንይ።

የቁም ክር ሲወጠር ፍሬሙ ላይ ምን እንደሚደርስ አስበው። 16 ክር ነው፤ እያንዳንዱ 24 ኪሎ ይስባል። ድምሩ 384 ኪሎ ነው። ይህ ሁሉ አናቱን ወደ አንገቱ፣ አንገቱን ወደ አናቱ ይስባል። ፍሬሙ ያጥራል፤ ጎኑ ይነፋል። አግድሙ ሲገባ ደግሞ ጎኖቹን ወደ ውስጥ ይሰበስባቸዋል፤ ቁመቱም ይመለሳል። ሁለቱ ሲጋጠሙ ራኬቱ ወደ ተፈጥሮ ቅርጹ ይመጣል። እንግዲህ ጥያቄው አግድሙ እስኪደርስ ድረስ ፍሬሙን ማን ይያዘው የሚል ነው። በአንተ ማሽን ላይ የሚይዙት ከውስጥ በኩል ያሉት ሁለት ደጋፊዎች ናቸው፤ አንዱ ከአናቱ ስር፣ አንዱ ከአንገቱ ላይ። ሌላ የሚይዘው የለም።

ስለዚህ እነዚያ ደጋፊዎች ፍሬሙን መንካት አለባቸው። ከላይ የሚጫነው ማሰሪያ ራኬቱ እንዳይወድቅ ይይዘዋል እንጂ የክሩን ኃይል አይመክትም። በደጋፊውና በፍሬሙ መሀል 3 ሚሊ ሜትር ክፍተት ካለ፣ ፍሬሙ ያንን 3 ሚሊ ሜትር አጥሮ ነው ደጋፊውን የሚያገኘው። በሁለቱም ጫፍ ከሆነ 6 ሚሊ ሜትር ነው። አንተ ያጣኸውም ልክ 6 ሚሊ ሜትር ነው።

ወረቀት ውሰድ። በደጋፊውና በፍሬሙ መሀል አስገባው። ከሾለከ ላልቷል። ወረቀቱን ይዞ ካስቀረው ልክ ነው። ከዚያ በላይ ግን አታጥብቀው፤ ደጋፊው ራሱ ፍሬሙን እየገፋ ማርዘም የለበትም። ሁለት ሦስት የቁም ክር ከወጠርክ በኋላ እንደገና እየው፤ ብሎኑ ሊላላ ይችላል።

ሁለተኛ፣ ከመሀል ጀምረህ ወደ ግራም ወደ ቀኝም እኩል ነው የምትሄደው። አንዱ ጎን ከሌላው ሁለት ክር በላይ አይቅደም። ይህን አድርገሃል?

ሦስተኛ፣ የቁሙን ጨርሰህ ከማሽኑ ላይ አውርደኸው ነበር? እውነቱን ንገረኝ፤ ሳይነገር የሚቀር ነገር ነው።

——

አባዶ ፎቅ 4
ረቡዕ፣ ከቀኑ 6:50

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የምሳ ሰዓት ላይ ነው የማነበው፤ ደጋግሜ አነበብኩት።

ግራና ቀኙን እኩል ነው የሄድኩት። አላወረድኩትም። ግን አሁን ትዝ ሲለኝ፣ ይህ ራኬት ካለፉት አራቱ አናቱ ቀጠን ይላል። ደጋፊውን ሳላስተካክል ነው በድሮው ቦታው ያሰርኩት። ከላይ አጥብቄ ስላሰርኩት የማይነቃነቅ መስሎኝ ነበር። ቤት ስገባ ወረቀቱን እሞክራለሁ።

——

ድርና ማግ
ረቡዕ፣ ከቀኑ 9:15

ጋሼ ያሉትን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። ሽሮ ሜዳ ነው ያደግኩት፤ አባቴ ሸማኔ ነው። አሁን ሱሉልታ ነው የምኖረው፤ ለሁለት ልጆቼና ለጎረቤት ልጆች እወጥራለሁ።

እኔ የቁሙን ድር፣ የአግድሙን ማግ ነው የምለው። ሥራው ያው ነው። ድር መጀመሪያ ይዘረጋል፤ ማግ አንዱን በላይ አንዱን በታች እያለ ያልፋል። አባቴ ሁልጊዜ የሚለው አለ፤ ማጉ አንዴ ጠበቅ አንዴ ላላ ካለ የሸማው ጠርዝ ይወላገዳል። ያንተም ራኬት የሆነው እሱ ነው። ድሩ 24፣ ማጉ በወሬ 22፤ ዘንጉ በጨለማ ካጋደለ ደግሞ አንዳንዱ ከ21 በታች ወርዷል። የተነፋውን ጎን የሚሰበስበው አቅም አጣ። በዚያ ላይ 22 ኪሎ ራሱ 48 ፓውንድ ተኩል ነው፤ ፍሬሙ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ልክ በታች። አግድሙን ቀንሱ የሚለው ምክር ፍሬሙን ስድስት ቦታ በሚይዝ ማሽን ላይ አንድ ኪሎ ያህል ቢሆን አይጎዳም። በእኛ ማሽን ላይ ግን ሁለቱንም እኩል አድርገው። እኔ ሁልጊዜ እኩል ነው የማደርገው።

ስለ አግድሙ አሠራር ጥቂት ልጨምር፤ ጊዜም ክርም የሚባክነው እዚያ ነውና።

አንድ ክር ቀድመህ ሽመን። ማለትም የመጀመሪያውን አግድም ሳትወጥር ሁለተኛውን ሸምነህ አሳልፍ፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ወጥር። እንደዚያው ቀጥል። ያልተወጠረው ክር የቁሙን ክሮች ከፍና ዝቅ አድርጎ ስለሚለያቸው ለሚቀጥለው መንገድ ይከፍትልሃል። ጣትህም አይላጥም።

ስትስበው አትቸኩል። ረጅም ክር በፍጥነት ከሳብክ አንዱ በሌላው ላይ ሲፈገፈግ ይሞቃል፣ ይቆርጠዋል። በምትስብበት ጊዜ ክሩን በአንድ ጣት ከፍና ዝቅ እያደረግክ ሳበው፤ እንደ መጋዝ አንድ ቦታ ላይ እንዳይሄድ። ጨርሰህ የምትበጠስ ክር ብዙ ጊዜ የተጎዳችው ያኔ ነው።

ከእያንዳንዱ ሦስት አራት ክር በኋላ በጣትህ አቅናው። ሁሉንም ጨርሰህ ለማቅናት ብትሞክር አይታዘዝህም። ደግሞም አንዷን በላይ ማለፍ ሲገባት በታች ያለፈች ክር ካለች ያኔ ትታይሃለች። እኔ አንዴ 17ኛው ላይ ሆኜ 5ኛው ላይ የሳትኩትን አይቻለሁ። ሁሉንም ፈትቼ ነው የደገምኩት።

——

ሞርሳ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

እህቴ ድርና ማግ፣ ይህ ጥሩ ትምህርት ነው።

መቆንጠጫውን ሳታዩ እንዳታልፉ። ተንሳፋፊ መቆንጠጫ ይንሸራተታል። ያገለገለ ማሽን ከሆነ ጥርሱ ላይ የክር ቅባት ይጋገራል። በአልኮልና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እጠበው፤ አድርቀው። ከዚያ ፈትን። ክሩን ወጥር፣ ቆንጥጥ፣ ከመቆንጠጫው ጠርዝ ላይ ክሩን በማርከር ምልክት አድርግ። ዘንጉን ስታነሳ ምልክቱ ከጠርዙ ከራቀ ይንሸራተታል። ማስተካከያ ብሎኑን ትንሽ አጥብቅ። በጣም አታጥብቅ፤ ክሩን ይጨፈልቀዋል።

ዘንጉ ላይ የተጻፈውን ቁጥርም አትመነው። የሻንጣ ሚዛን አለህ? እነዚያ በእጅ የሚንጠለጠሉት። የክር ቁራጭ አንዱን ጫፍ ሚዛኑ ላይ ሌላውን ማሽኑ ጎታች ላይ አድርግ፣ ሚዛኑን በማሰሪያው ምሰሶ ላይ አስረው። ብረቱን 24 ላይ አቁምና ጎትት። ሚዛኑ የሚያነበውን ጻፍ። ከመጀመርህ በፊት ግን ጠረጴዛው ላይ ውሃ ልክ አስቀምጥ። ጠረጴዛህ ካጋደለ ዘንጉ አግድም መስሎህ አግድም አይሆንም።

——

በገነኛ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:00

ቴኒስ የጀመርኩት ከሁለት ዓመት ወዲህ ነው። በገና ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እደረድራለሁ። እዚህ የሚወራውን ሳነብ ሁለቱ ዘመዳሞች መሆናቸው ይገርመኛል።

የበገና 10 አውታሮች በባህሉ ከበግ አንጀት ነው የሚሠሩት። የቴኒስ ክርም መነሻው እዚያ ነው። ፈረንሳይ አገር ሊዮን ከተማ የሙዚቃ መሣሪያ ክር ይሠራ የነበረው የባቦላ ቤት ነው በ1875 እ.ኤ.አ. ለቴኒስ የመጀመሪያውን ክር የሠራው። ዛሬም ከአንጀት የሚሠራ ክር አለ፤ አሁን ከከብት ነው። በጣም ለስላሳ ነው፤ ዋጋው ግን አይቀመስም፤ እርጥበትም ይጎዳዋል።

ልነግርህ የፈለግኩት ግን ይህ ነው። ጆሮህን ተጠቀምበት። ወጥረህ ስትጨርስ የቁሙን የመሀል ክሮች በወስፌው እጀታ መታ መታ አድርጋቸው። አጠገብ ለአጠገብ ያሉት ተመሳሳይ ድምፅ ካልሰጡ አንዱ ላልቷል። በገና ስቃኝ የማደርገው እሱን ነው። ቀጥሎ በሚመጣው ሳምንት እንደገና ስማው፤ ድምፁ ወርዶ ታገኘዋለህ። ክሩ በመጀመሪያው አንድ ቀን ውስጥ እንኳ ጉልህ ውጥረት ይለቃል። አዲስ የተወጠረ ራኬት አንድ ቀን ቢያድር ጥሩ ነው።

——

ቱሉ ዲምቱ 11
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2:20

ይቅርታ፣ ትንሽ ከርዕሱ ወጣ ልል ነው። ጀማሪ ነኝ። ኢንተርኔት ላይ ያሉት የውጭ ሰዎች ለእኔ ዓይነት ራኬት 23 ኪሎ ይላሉ። በዚያ ልክ አስወጥሬ ኳሱ ሁሉ ከመስመር ውጭ እየወጣብኝ ነው። አሠልጣኜ "እጅህን አስተካክል" ይለኛል። ከክሩ ሊሆን ይችላል?

——

የድሮ ኳስ አቀባይ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:05

ልጄ፣ አሠልጣኝህን ስማ። ክሩም ግን ድርሻ አለው። እኛ የምንጫወተው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ኳሱን የሚያዘገየው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ኳሱ ይሮጣል፣ ይርቃል። የዓለም አቀፉ ቴኒስ ፌዴሬሽን ደንብም ከ1,219 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ የተለየ ኳስ ይፈቅዳል። በቆርቆሮ የታሸገ ኳስ ስትገዛ ላዩ ላይ ለከፍታ ቦታ የተሠራ መሆኑን አንብብ። ለባሕር ወለል የተሠራ ኳስ እዚህ ከልክ በላይ ይነጥራል።

ክሩን በተመለከተ፣ ጠበቅ ያለ ክር ኳሱን ብዙ አያስፈነጥርም። የላላ ክር እንደ ወንጭፍ ነው። ስለዚህ ከ23 ወደ 24 ከፍ አድርገህ ሞክር። በአንዴ ሁለት ሦስት ኪሎ አትዝለል፤ ክንድህ ይጎዳል።

——

ሲኤምሲ ሰርቭ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 7:40

ስለ ማሽኑ ያልኩትን ሁላችሁም ስትከራከሩኝ አነበብኩ። የማሰሩ ነገር ትክክል ነው፤ የእኔ ምክር ጥድፊያ ነበረበት። ስድስት ቦታ የሚይዘው ማሽን ላይም ደጋፊዎቹ ካልነኩ ያው ነው። ያንን አላሰብኩትም ነበር።

አንድ ሐሳብ ግን ላንሳ። ለምን ናይለን? ፖሊስተር ብታደርግላት አይሻልም? ብራዚላዊው ተጫዋች ጉስታቮ ኩዌርተን በ1997 እ.ኤ.አ. ትልቁን የፈረንሳይ ውድድር ሮላን ጋሮስን ያሸነፈው በፖሊስተር ነው። ኳሱን ያሽከረክራል፣ ክሩም ቶሎ አይበጠስም።

——

ድርና ማግ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 8:10

ወንድሜ፣ ለ13 ዓመት ልጅ እባክህ አይሆንም። እለምንሃለሁ።

ፖሊስተር ደረቅ ነው። ኳሱ ሲመታ የሚመጣውን ድንጋጤ ወደ ክንድ ነው የሚያሳልፈው። ትልልቆቹ ተጫዋቾች በጡንቻ ይሸከሙታል፤ ራኬታቸውም ለእያንዳንዱ ጨዋታ ይወጠራል። ፖሊስተር ሳይበጠስ ይሞታል፤ ውጥረቱን ቶሎ ይለቃል፣ መለጠጡን ያጣል። ልጅ ደግሞ ስላልተበጠሰ ለወራት ትጫወትበታለች። የትልቁ ልጄ ክርን የታመመው በዚህ ነው። ስድስት ሳምንት ራኬት አልያዘም። ያኔ እኔ አላውቅም ነበር፤ "ጠንካራ ክር ነው" ተብዬ ነው የገዛሁት። አሁን ለልጆች ሁሉ ለስላሳ ናይለን ነው የማስገባው።

——

አባዶ ፎቅ 4
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:00

ናይለን ነው የሚሆነው እህቴ፤ አትስጊ።

ወረቀቱን ሞከርኩ። የፈታሁት ራኬት የለም፤ የራሴን አሮጌ ራኬት አስሬ ነው ያየሁት። ደጋፊው በነበረበት ቦታ ወረቀት ብቻ ሳይሆን ሳንቲም ያሳልፋል። በሁለቱም ጫፍ። ጋሼ፣ ሳያዩት አወቁት።

የሻንጣ ሚዛኑንም አደረግኩ። ብረቱን 24 ላይ ሳቆመው ሚዛኑ 23.2 አነበበ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ያው ነው። ጠረጴዛውም ወደ አንድ ጎን ያጋድል ነበር፤ ከአንዱ እግር ስር ካርቶን አጥፌ አስገባሁ።

ዛሬ ማታ የልጅቷን ልፈታው ነው። የምቆርጥበት ሥርዓት አለ?

——

የድሮ ኳስ አቀባይ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2:25

አለ እንጂ። መጀመሪያ ፎቶ አንሳው፤ ቋጠሮዎቹ የት ቀዳዳ ላይ እንደሆኑ፣ የቁሙ ክር ከአናት ይጀምር ከአንገት እንዲታይ። ከዚያ ከመሀል ጀምር። አንድ የቁም አንድ የአግድም እያልክ ወደ ዳር ውጣ። የቁሙን ብቻ ቆርጠህ አግድሙን አትተው፤ አግድሙ ብቻውን ጎኑን ይጨመድደዋል። መነጽር ካለህ አድርግ፤ የተወጠረ ክር ሲቆረጥ ይዘላል።

ፈትተህ ዛሬውኑ አትወጥረው። ይደር። ነገ ለካው። ወደ 34.8 ከተመለሰ ፍሬሙ አልተጎዳም። በአናቱና በጎኑ ላይ ጣትህን እያሳለፍክ ስንጥቅ ፈልግ። ቀዳዳው ውስጥ ያሉትን ፕላስቲኮችም እያቸው። የተቆረጠ ካለ ክሩ በቀጥታ የፍሬሙን ጠርዝ ይነካል፤ እዚያው ይበጠሳል።

አግድሙን እንደ ባለፈው ከአናት ወደ አንገት ውረድ። ወስፌህን ሻማ ቀባው፤ ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ስታስገባው አስቀድሞ ያለውን ክር እንዳይወጋ ቀስ በል። የተወጋ ክር ዛሬ አይበጠስም፤ በሦስተኛው ቀን ነው የሚበጠሰው።

——

አባዶ ፎቅ 4
ዓርብ፣ ከምሽቱ 4:40

ጨርሻለሁ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ፈጀብኝ። መብራት ነበረ፤ ግን ለማንኛውም ፋኖሴን ሞልቼ አጠገቤ አስቀምጬ ነበር።

ጠዋት ስለካው ፍሬሙ ሙሉ በሙሉ ተመልሷል፤ 34.8 በ27። ስንጥቅ የለውም። ይህን ሳይ የተሰማኝን እረፍት ልገልጸው አልችልም። የእናቷ የወራት ቁጠባ ነው ይህ ራኬት።

ያደረግኩትን ልጻፍ፤ ከእኔ በኋላ ለሚመጣ ሊጠቅም ይችላል። ደጋፊዎቹን ወረቀት እስኪይዙ አስጠጋሁ። ብረቱን ሚዛኑ 24 እስኪያነብ ወደ ውጭ አንሸራተትኩት። አንድ ክር ነው የተጠቀምኩት፤ 12 ሜትር ከ20። አጭሩን ጎን 3 ሜትር ከ30 አካባቢ አድርጌ ረጅሙን ለአግድሙ አስቀረሁ። ቁሙንም አግድሙንም 24 አደረግኩ። ሦስተኛው የቁም ክር ላይ ደጋፊውን ደግሜ አየሁ፤ የአንገቱ ብሎን ሩብ ዙር ላልቶ ነበር። አጠበቅኩት። ባላየው ኖሮ ያው ችግር ነበር የሚደገመው።

ዘንጉ ከአግድም በታች ሲወርድብኝ ወደ ላይ መልሼ ክሩን እንደገና እያስነከስኩ ደገምኩ። መጀመሪያ አካባቢ ለአንድ ክር ሦስት ጊዜ ይፈጅብኝ ነበር። ወደ መጨረሻ ግን ክሩ ምን ያህል እንደሚለጠጥ እጄ ስላወቀ በአንዴ ይመጣልኝ ጀመር። ማርከሩን በየአምስት ክሩ ፈተንኩ፤ አልተንሸራተተም። አንድ ቀድሞ መሸመኑ ሥራዬን በግማሽ ነው ያቀለለው እህቴ።

ከማሽኑ ሳወርደው ቁመቱ 34.7፣ ወርዱ 27። የመሀል ክሮቹን መታሁ፤ ሁሉም አንድ ድምፅ ነው የሚሰጡት። ወደ ዳር ያለችው የመጨረሻዋ የቁም ክር ግን ድምፅዋ ላላ ይላል፤ ቋጠሮው ጋ።

——

ሞርሳ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 5:00

እሷ ሁልጊዜ ትላላለች። ቋጠሮው ሲጠብቅ ክሩ ወደ ኋላ ይሳባል። የመጨረሻዋን ክር ብቻ ከሌሎቹ አንድ ኪሎ ያህል ጨምረህ ወጥር። ከዚያ በላይ አትጨምር።

——

በገነኛ
ዓርብ፣ ከምሽቱ 5:12

በጆሮህ ለየሃት! ደስ ይላል። ዳር ያለች ስለሆነች ኳስ እምብዛም አያገኛትም፤ ልጅቷን ለነገ አያስቸግራትም።

——

አባዶ ፎቅ 4
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 7:30

ልጅቷ ጠዋት ተጫውታበት መጣች። "ድምፁ ተቀይሯል" አለችኝ። ክንዷን አመማት ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ አላመማትም። ሁለት ሰዓት ተጫውታለች። እናቷ ቡና አፍልታ ጠራችኝ።

ጋሼ፣ አንድ ቀን ለገጣፎ መጥቼ እጅዎን ማየት እፈልጋለሁ፤ ከፈቀዱልኝ።

——

የድሮ ኳስ አቀባይ
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8:00

በደስታ ልጄ። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ነኝ። የእንጨት ራኬትም አለኝ፤ አብረን እንወጥረዋለን። ማሽን ሳንነካ።

——

ቱሉ ዲምቱ 11
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8:20

አባዶ ወንድሜ፣ እኔስ? ወደ 24 ከፍ ማድረጉን ልሞክር ነው። ክር ገዝቻለሁ፣ የሚወጥርልኝ ግን እዚህ አካባቢ የለም። መንገዱ ሩቅ ቢሆንም ያንተ ጋ ብመጣ ይሻለኛል። የድሮውን ክር ቆርጬ አውጥቼ ነው የማመጣው ወይስ?

——

አባዶ ፎቅ 4
ቅዳሜ፣ ከቀኑ 8:35

ና ወንድሜ፣ እሁድ ከ8 ሰዓት በኋላ ቤት ነኝ። የድሮውን ክር አትቁረጠው። እንዳለ ይዘኸው ና። ቋጠሮው የት እንደሆነ፣ ከየት እንደተጀመረ ከእሱ ላይ ነው የምናነበው። መጀመሪያ ደግሞ እንለካዋለን።